ያገለገለ ሃርድቶፕ ኮንቨርተብል፦ ለ24፣ ለ40ዎቹ እና ለ68 ዓመት ሰው የትኛው ይሻላል?

እመቤት_ሜሪላንድ

ሰላም ለቤቱ። ብረት ጣሪያው ታጥፎ ትራንክ ውስጥ የሚገባ ያገለገለ ኮንቨርተብል ልንገዛ ነው። ሸራውን አንፈልግም። ፈላጊዎቹ ሦስት ነን፣ ዕድሜያችንም ፍላጎታችንም ለየቅል ነው።

አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት ይከብዳቸዋል፤ ልባቸው ግን መርሴዲስ ኤስኤል ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ 40ዎቹ ውስጥ ነን፣ የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች ስላሉን አራት ወንበር ግድ ነው። የእህቴ ልጅ 24 ዓመቱ ነው፤ ከቢኤምደብሊው 335አይ ሌላ ስም አይጠራም።

ለአንድ መኪና የያዝነው እስከ 14,000 ዶላር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፤ መኪናው ውጭ፣ ዛፍ ሥር ያድራል። ለየዕድሜው የትኛው ሞዴል ይስማማል? አንድ ገዝተን ብንጋራስ? ልናይ ስንሄድ ጣሪያውን እንዴት እንፈትሽ? ማይሉ ትንሽ የሆነውን መምረጥስ ያዋጣል?

ባለጋራዥ

እመቤት፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚያ ላይ ነውና። ማይል የሚናገረው ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ ነው። የጣሪያው ጤንነት የሚታወቀው በዓመትና በአያያዝ ነው። በመርሴዲስ፣ በቢኤምደብሊውና በቮልቮ ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት በዘይት ግፊት የሚሠሩ ሲሊንደሮች ናቸው፤ ውስጣቸው ያሉት ጎሚኒዎች (ዘይቱን የሚያግዱት ጎማዎች) መኪናው ባይነዳም ያረጃሉ። ጣሪያው ለዓመታት ሳይከፈት ከቆየ ደግሞ ጎሚኒው ይደርቅና በመጀመሪያዎቹ መክፈቻዎች ይቀደዳል። ጋራዥ ቆሞ የኖረ 35,000 ማይል ብቻ የሄደ ኤስኤል፣ 110,000 ማይል ሄዶ ጣሪያው በየሳምንቱ ከሚከፈተው የባሰ ሊሆን ይችላል። ሻጩን የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጋችሁ «ጣሪያው በመጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው?» በሉት።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። መኪናውን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ትራንኩን ክፈቱና ሻንጣውን ከጣሪያው የሚለየው መጋረጃ ወይም ክዳን ቦታው ላይ መቆለፉን እዩ። እሱ ካልተቆለፈ ጣሪያው አይንቀሳቀስም፤ «ጣሪያው ተበላሽቷል» ተብለው ከሚመጡ መኪኖች ብዙዎቹ ጥፋታቸው ይኸው መጋረጃ ወይም ከሱ ጋር ያለችው ትንሽ ስዊች ናት። ሞተሩን አስነሡ፤ በባትሪ ብቻ ከሠራችሁ ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ጣሪያውን መሃል ላይ ሊያቆመው ይችላል።

ከዚያ ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉት፣ በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ። ኤስኤል አር230 (ከስሙ ቀጥሎ ያለው የትውልዱ መለያ ነው) 16 ሰከንድ፣ ኤስኤልኬ አር171 22፣ ባለ 3 ሲሪየሱ ቢኤምደብሊው ኢ93ም 22 ገደማ፣ ሌክሰስ ኤስሲ430 25፣ ሁለተኛው ትውልድ ቮልቮ ሲ70 30 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢዘገይ፣ በተለይ በብርድ፣ አያስጨንቅም። አሥር ሰከንድ ከዘገየ፣ ወይም አንዱ ጎን ሌላውን ቀድሞ ከሄደ፣ ዘይት ጎድሏል፣ ፓምፑ ደክሟል ወይም አንድ ሲሊንደር ያፈሳል። መኪናውን ነድታችሁ ስትመለሱ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ቀድሞ ያልታየው ማፍሰስ ያኔ ይወጣል። የምትፈትሹት ደጅ ወይም የጋራዡ ጣራ ከፍ ባለበት ቦታ ይሁን፤ ሲንቀሳቀስ ወደ 2 ሜትር ቁመት ይፈልጋል፣ የትራንኩ ክዳንም ወደ ኋላ ይወጣል፤ ግድግዳ ተጠግታችሁ አትሞክሩት።

ዘይት የምትፈልጉት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የፀሐይ መከላከያው አካባቢ ነው። እዚያ ጨርቁ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ካለ የፊተኛው መቆለፊያ ሲሊንደር እያፈሰሰ ነው፤ ኤስኤል ላይ የታወቀ ችግር ነው፣ ሹፌሩ ራስ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ትራንኩ ውስጥ ነው። ምንጣፉን አንሡና ከጎን ሽፋኖቹ ሥር ጣታችሁን አስገቡ። ጣት ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ዘይት ነው፤ ዝም ብሎ እርጥበት ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቷል፣ ያ ሌላ ጣጣ አለው።

ሲሊንደር ቢያፈስ መኪናውን ጥላችሁ አትሂዱ፤ ዋጋ መቀነሻ ነው። አዲሱን ከአከፋፋዩ መግዛት ውድ ነው፤ የወጣውን ሲሊንደር ጎሚኒውን በተሻለ ዓይነት ቀይረው ለሚመልሱ ባለሙያዎች መላክ ይቻላል፣ በጣምም ይረክሳል። ትልቁ ወጪ የመካኒኩ ሰዓት ስለሆነ ሽፋኑ አንዴ ከወረደ የሚያፈሰውን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚደረስባቸውንም ማሠራት ነው። ዘይቱ የጎደለ እንደሆነም መጽሐፉ ከሚለው ዓይነት ውጭ አትጨምሩ፤ የማይስማማ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ሁሉም ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ሌክሰስ ኤስሲ430 ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ጣሪያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሞተሮች ነው፣ የሚፈስ ዘይት የለውም።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጣሪያው እንደ ሞዴሉ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ስለሚከፈል ውሃ በየመጋጠሚያው ሰርጎ በትናንሽ ቱቦዎች እንዲወርድ ነው የተሠራው። ቅጠልና የአበባ ብናኝ ቱቦውን ሲደፍነው ውሃው ወደ ምንጣፍና ወደ ትራንክ ይሄዳል። ጣሪያውን ከፍታችሁ በየመውረጃው ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ወዲያው ከመኪናው ሥር መፍሰስ አለበት። ካልወረደ የሣር ማጨጃ ናይለን ክር እየገፋችሁ ክፈቱት። በኮምፕሬሰር አየር አትንፉበት፤ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ከመጋጠሚያው ይወልቃል፣ ከዚያ ሽፋን ሳይፈታ አይገጠምም።

ጎማ ሽፋኖቹ፣ ማለትም በመስታወቱና በጣሪያው ዙሪያ ያሉት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈልጓችኋል፦ ክረምቱ ሳይገባና በጸደይ። ለስላሳ ሳሙናና ውሃ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ለጎማ የተሠራ ቅባት በስሱ። ደብሊውዲ-40 እና ቫዝሊን አይነኩትም፤ ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ጎማውን ያበላሸዋል። በረዶ ባለበት ቀን ጣሪያውን አትክፈቱ፤ የተጣበቀው ጎማ ይገነጠላል። በተቀረው ክረምት ግን ፀሐይ ወጣ ባለ ቀን በወር አንዴ ክፈቱት።

ስድስት_ሲሊንደር

ስለ 24 ዓመቱ ልጅ ልናገር። ምርጫው የተለመደ ነው፣ ኢ93 (335አይም 328አይም የሱ ዓይነቶች ናቸው) ሲዘጋ ኩፔ ይመስላል፣ ሲከፈት ደግሞ ሌላ መኪና ነው። ግን በዚህ በጀት የሚያገኘው 335አይ ከ2007 እስከ 2010 የተሠራው፣ ኤን54 የሚባለው ባለሁለት ተርቦ ሞተር ያለው ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፕ፣ ኢንጀክተሮቹና የተርቦዎቹ ዌስትጌት (ግፊታቸውን የሚቆጣጠረው በር) የታወቁ ደካማ ጎኖቹ ናቸው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ በሶፍትዌር ጉልበታቸው ተጨምሮባቸው ከአንድ ወጣት ወደ ሌላ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። ፋብሪካው እንዳወጣው የቀረ ካላገኘ ይተወው።

328አይ ይግዛ። ኤን52 ሞተር ተርቦ የለውም፣ ባለ 3 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ረጅም ዕድሜ አለው። የሚያስቸግረው በሁለት ነገር ነው። የውሃ ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ በቺንጋ እንደሚሠራው እያንጠባጠበ ሳያስጠነቅቅ ድንገት ይቆማል። ከ70,000 ማይል ያለፈና ያልተለወጠ ከሆነ ፓምፑንና ቴርሞስታቱን አብሮ መለወጥ፤ የሚታሰርባቸው ብሎኖች አሉሚኒየም ስለሆኑ አሮጌዎቹ ተመልሰው አይታሰሩም፣ አዲስ ይገዛላቸው። ሁለተኛው የዘይት ፊልትሮው ቤት ጎሚኒ ነው። ከዚያ የሚወርደው ዘይት ቺንጋው ላይ ካረፈ ቺንጋው ይወልቃል። በባትሪ መብራት ከፊት በኩል ወደ ታች ማየት ነው።

ትራንኩን ሲከፍት ማጠፊያው አጠገብ የሚያልፈውን የሽቦ ጥቅል ጎንበስ ብሎ ይየው። በመታጠፍ ብዛት ሽቦዎቹ ይሰበራሉ፤ ያኔ መብራት፣ መቆለፊያና ጣሪያ ተራ በተራ ያብዳሉ፣ ኮምፒውተሩም የማይገናኙ ስህተቶችን ያወጣል። ሽቦ ለመቀጠል ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ይህን ሳያውቁ ውድ ሞጁል የሚቀይሩ አሉ።

ኢንሹራንሱን ደግሞ ከመግዛቱ በፊት በቪን ቁጥሩ (በመኪናው መለያ ቁጥር) ያስጠይቅ። ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ሹፌር በ335አይና በ328አይ መሃል ያለው ልዩነት በየወሩ የሚከፈል ነው፣ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

አንጋፋው

እመቤት ልጄ፣ የአባትሽ ልብ ትክክል ነው፣ ግን ዓመተ ምርቱን አጥብቃችሁ ምረጡ።

ኤስኤል አር230 እዚህ አሜሪካ የገባው 2003 ሞዴል ተብሎ ነው። ከ2003 እስከ 2006 ያለው ኤስኤል500 ሞተሩ ኤም113 ነው፤ በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 16 ካንዴላ ይዟል፣ መርሴዲስ ከሠራቸው ጠንካሮች አንዱ ነው። ፍሬኑ ግን ኤስቢሲ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው፤ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲሞላ ወደ ጋራዥ ሂዱ የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መርሴዲስ በአሜሪካ ለዚህ ክፍል ዋስትናውን አራዝሞታልና ቪኑን ይዛችሁ አከፋፋዩን ጠይቁ፤ ክፍሉ ከተለወጠ ወረቀቱ ከመኪናው ጋር ይምጣ። ከ2007 ጀምሮ ያለው ኤስኤል550 ሞተሩ ኤም273 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የታይሚንግ ጥርሳቸው ይበላል፤ ሞተር ሳይወርድ አይሠራም። ያ ችግር የሌለበትንና ፊቱ የታደሰውን ከፈለጋችሁ 2009ን ጠብቁ፤ አንገት ላይ ሙቅ አየር የሚነፋው ኤርስካርፍም ኤስኤል ላይ የመጣው ያኔ ነው። ለአንጋፋ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በጥቅምት ማታ ጣሪያ ከፍቶ ለመንዳት ያስችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሞላው ነው። ኤቢሲ የሚባለው በከፍተኛ የዘይት ግፊት መኪናውን የሚይዝ ሥርዓት ነው። ማታ ከቆመ በኋላ ከአራቱም ጎማዎች ማሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩና ጻፉ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ድገሙ። አንዱ ጥግ ከወረደ ቫልቭ ያሳልፋል። በመንገድ ላይ እንደ ጀልባ ከዘለለ ናይትሮጅን የሚይዙት ኳሶች ሞተዋል፤ እነሱ በጊዜ ካልተለወጡ ፓምፑንም ቧንቧውንም ይሰብራሉ። ሻጩ አዳር እንድትለኩ ካልፈቀደ ሌላ ኤስኤል አለ።

ስለ ጉልበታቸው ግን ልንገርሽ፤ አባትሽን ራሳቸውን ይዘሻቸው ሂጂ። ጣሪያው ተዘግቶ፣ አጠገቡ ሌላ መኪና ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ ይግቡ ይውጡ። የእነዚህ መኪኖች በር ረጅም ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ የሚመቸው በር ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ግማሹን ብቻ ነው የሚከፈተው። ይህን አልፈው ከተመቻቸው ይግዙ። ካልተመቻቸው ሌክሰስ ኤስሲ430ን ያሳዩአቸው። ሞተሩ ባለ 4.3 ሊትር ቪ8 ነው፣ ድምፁ አይሰማም። የሚጠይቀው በ90,000 ማይል የታይሚንግ ቺንጋውን ነው፤ ደረሰኝ ከሌለ ያልተለወጠ ብላችሁ ቁጠሩት፣ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉና ከውሃ ፓምፑ ጋር አብሮ ይለወጥ። ራን ፍላት (አየር ቢወጣበትም የሚነዳ) ጎማ ያለው ከሆነ አረማመዱ ይቆረቁራል፤ ተራ ጎማ ሲደረግለት ለወገብ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ብቻ ስኮርታ እንዳለው እዩ።

ለምን ሁሉም ዕድሜ ይህን ዓይነት ጣሪያ እንደሚፈልግም ይገባኛል። ወጣቱ ለመልኩ፣ ባለ ልጁ ለደህንነቱ፣ እኛ ለጸጥታው፤ ሲዘጋ የኋላ መስታወቱ እውነተኛ መስታወት ነው፣ ክረምት ላይ ይሞቃል፣ ማንም በቢላዋ ቀዶ አይገባበትም። ፋብሪካዎቹ ግን እየተዉት ነው። ዜድ4 በ2018፣ ባለ 4 ሲሪየሱ በ2020፣ ኤስኤል ራሱ በ2021 ወደ ሸራ ተመልሰዋል፤ በ1996 በኤስኤልኬ የተጀመረው ዘርም ኤስኤልሲ በ2020 ሲቆም አብቅቷል። ስለዚህ የ24ና የ68 ዓመቱ ሰው አንድ ማስታወቂያ ላይ እየተጋፉ ነው፣ ጥሩ የተያዘው ቶሎ ይሄዳል።

ኋላ_ወንበር

እመቤት፣ ለእናንተ ቮልቮ ሲ70፣ ከ2006 እስከ 2013 ያለው። ልጆች ላሉት ሰው ከእነዚህ ውስጥ በልቤ የማምነው እሱን ነው፤ የመጋረጃ ኤርባጉ ከጣሪያ ስለማይወርድ ከበሩ ውስጥ ወደ ላይ እንዲነፋ አድርገው ነው የሠሩት። ትራንኩ ጣሪያው ሲዘጋ 404 ሊትር፣ ሲከፈት 200 ሊትር ነው፤ ኢ93 ላይ 350 እና 210። ጋሪና የሳምንት አስቤዛ አንድ ላይ ከጣሪያው ጋር አይገቡም፣ ይህን አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ሌክሰስ አይኤስ250ሲም አለ፣ ጥንካሬው ደግ ነው፣ ግን ጣሪያው ሲከፈት ትራንኩ ውስጥ የሚቀረው ለአንዲት ቦርሳ የሚሆን ቦታ ነው።

የልጆቹን መቀመጫ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው እሰሩት። የፊት ወንበሩ ወደፊት የሚሄደው በሞተር፣ በዝግታ ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ልጅ ማሰር ምን ያህል እንደሚፈጅ ያኔ ታያላችሁ።

የሲ70ን ባለ 2.5 ሊትር አምስት ሲሊንደር ተርቦ ሞተር በአንድ የላስቲክ ጓንት ፈትሹት። ሞተሩ ሞቆ በቀስታ ሲዞር የዘይት መሙያውን ክዳን አውጡና ጓንቱን አልብሱት። ከተነፋ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ሳይሠራ ከቀረ ዘይቱ በየጎሚኒው ይወጣል። ፉጨት ከተሰማና የዘይት መለኪያው ሲመዘዝ ከቆመ ደግሞ የመተንፈሻው ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ሁለቱም የሚሠሩ ናቸው፣ ዋጋውን ግን አስቀንሱበት። ይህም ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ ስላለው ደረሰኙን ጠይቁ።

አንድ ገዝቶ መጋራት ለሚለው ሲ70 ሦስታችሁንም ያስተናግዳል፣ ወንበሩም ከኤስኤል ከፍ ይላል። ብቻ የ24 ዓመቱ ልጅ አዘውትሮ ከነዳው ኢንሹራንሱ ላይ ስሙ መግባት አለበት፤ ሂሳቡን ያን ጊዜ ሥሩ።

ዱባይ_ማታ

ከዚህ በኩል ጥቂት ልጨምር፤ እዚህም ይህ መኪና ይወደዳል፣ የሚከፈተው ከመሸ በኋላ ቢሆንም። ሙቀት ጎሚኒውንም የጣሪያውን የውስጥ ጨርቅ ማጣበቂያም ቀድሞ ያደርቃል፤ ጨርቁ በመሃል ከረገበ መኪናው ፀሐይ ላይ ነው የኖረው። ቢኤምደብሊው ኢ93ን የምታዩ ፀሐይ የሚመልሰው ቆዳ ያለውን ፈልጉ፣ ጥቁሩ እንኳ እንደ ተራ ቆዳ አይጋልም።

ከአሜሪካ አደጋ ደርሶባቸው ወይም ጎርፍ ገብቶባቸው እዚህ ዱባይ አጠገብ ሻርጃ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ኮንቨርተብል ላይ ጎርፍ ገዳይ ነው፤ ባትሪም፣ ሞጁልም፣ የጣሪያ ፓምፕም አብዛኛውን ጊዜ ትራንኩ ውስጥ ዝቅ ብለው ነው ያሉት። የወንበሩን ሐዲድ ብሎኖችና የትራንኩን ወለል እዩ፣ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ ይመሰክራል። ጎማው ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2319 ካለ በ2019 (በፈረንጆች) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖረውም ያረጀ ጎማ ይለወጥ።

አገር ቤት ልኬ እነዳዋለሁ የምትሉ ደግሞ አታስቡት። ኢትዮጵያ ከ2024 (በፈረንጆች) ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

እመቤት_ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቅዳሜ ሲ70 ልናይ ነው፤ አባቴም ኤስሲ430ን ለመሞከር ተስማምተዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሜሪላንድ ስም ሲዛወር የሚያስፈልገው የደህንነት ምርመራ ይህን ሁሉ አያይም? ጣሪያው መሃል ላይ ቆሞ ዝናብ ቢመጣስ ምን እናደርጋለን?

ባለጋራዥ

ምርመራው ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ጎማና የመሳሰለውን ነው የሚያየው። የጣሪያው ዘይት ይፍሰስ አይፍሰስ የሱ ጉዳይ አይደለም፤ ሞዴሉን የሚያውቅ መካኒክ ዘንድ ለብቻ አስፈትሹ።

መሃል ላይ ቢቆም ስዊቹን ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ፓምፑ ሲግል ራሱን ያጠፋልና አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሞተሩ መነሣቱን፣ የትራንኩ መጋረጃ መቆለፉን፣ ሻንጣ መንገዱን አለመዝጋቱን እዩ። ከዚያ ስዊቹን ወደ መዝጊያው አድርጋችሁ መስታወቶቹ እስኪወጡ ድረስ ሳትለቁ ያዙት፤ ብዙ ሰው ጣሪያው ሲገጥም ይለቀዋል፣ ሥራው ግን አላለቀም። ባትሪ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ እምቢ ካለ መርሴዲስ ላይ እያንዳንዱን መስታወት እስከ ላይ ዘግታችሁ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ መስታወቱ ቦታውን ካላወቀ ጣሪያው አይታዘዝም።

ይህም ካልሆነ በእጅ መዝጋት ነው፣ ባለዘይቶቹ ላይ። ሞተር ይጥፋ፣ በመጽሐፉ መሠረት ግፊቱ ይለቀቅ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ እኩል ያንሡት። በአንድ ጎን ብቻ ከተነሣ ፍሬሙ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ልክ አይገጥምም። እጃችሁን ማጠፊያዎቹ መሃል አታስገቡ፣ ልጆቹም ከመኪናው ይራቁ። ለዚህ የሚያገለግለው የአለን ቁልፍ ከአንዳንዶቹ ጋር ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ቅዳሜ ስትሄዱ ከመጽሐፉ ጋር መኖሩን ጠይቁ።